የሐምሌ ፍሳሽ በግንቦት ይያዝ፦ ለደሴ ነዋሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በደሴ ከተማ ለምትኖሩ ሁሉ፣ በተለይም ለቤት አከራዮች፣ ለጋራ መኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴዎችና ለግንበኞች

ግልባጭ፦ የፍሳሽ፣ የሕንፃ ፈቃድና የጤና ጉዳይ ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ወደ ቤት ተመልሶ ስለሚገባ ፍሳሽ

እንደምን ከረማችሁ። እኔ በዚህ ከተማ በቧንቧ ሥራ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ የሚጮኸው በአንድ ጉዳይ ነው፤ «ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወደ ቤት ገባ፣ ቶሎ ድረስልን!» እደርሳለሁ። ነገር ግን ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ አፈሩ ውሃ ጠግቦ፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪናው ወረፋ በዝቶበት ሳለ መድረሴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህን የምጽፈው ገና ፀሐይ ሳለች፣ ምድሩ ደረቅ ሳለ፣ የየጉድጓዳችሁን ክዳን እንድታነሱ ለመለመን ነው። ሐምሌ ላይ ወለላችሁ ላይ የሚወጣው ነገር ከጥቅምት ጀምሮ ስታጠራቅሙት የከረማችሁት ነው።

ደሴ ውስጥ አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚያወርደው እዚያው ግቢው ውስጥ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ወይም ዝቃጩን አስቀርቶ ውሃውን ወደሚያሳልፈው ማጠራቀሚያ፣ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ስለዚህ ፍሳሽ በተመለሰ ቁጥር ጣትን ወደ ሌላ መቀሰር ብዙም አያዋጣም፤ ቱቦውም የራሳችን፣ ጉድጓዱም የራሳችን ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ተዳፋት ላይ ነች። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ነገር ሁሉ በሰው ደጃፍ ያልፋል። የላይኛው ግቢ ያሰረገው ውሃ በታችኛው ግቢ ግድግዳ ላይ እርጥበት ሆኖ ይወጣል፤ የላይኛው የደበቀው የታችኛው ጓዳ ውስጥ ይሸታል። ቦርከናም ደሴ ላይ አያበቃም። ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በጨፋ ሜዳ በኩል ያልፋል፤ ውሃውን የሚጠጣ ከብት፣ በውሃው የሚለማ አትክልት አለ። የአገራችን ሕግ ፈሳሽ ቆሻሻን አካባቢ በሚበክልና ጤና በሚጎዳ መንገድ መጣልን ይከለክላል። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጠብቀው የጉድጓዳቸውን አፍ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚከፍቱ ሰዎች «ማን ከለከለን» ሲሉ ስለምሰማ ነው።

ፍሳሽ በድንገት አይመለስም። አስቀድሞ ይናገራል። መጀመሪያ በድምፅ ነው፤ ሽንት ቤት ላይ ውሃ ሲለቀቅ የገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ ጉር ጉር ይላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን ሲያወርድ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ያለው ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ወይም ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ አየር ነው፤ ውሃው መሄጃ ሲጠበው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር እየገፋ በቅርብ ባገኘው ቀዳዳ ያስወጣዋል። ከድምፁ ቀጥሎ ውሃው መውረድ ይዘገያል፣ ሽታ ይከተላል፣ በመጨረሻም ከቤቱ ዝቅተኛ ቀዳዳ ጥቁር ውሃ ብቅ ይላል። ዝቅተኛው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሻወሩ ወለል ነው፤ ምድር ቤት ያለ ተከራይ ከፎቅ ነዋሪዎች ሁሉ ቀድሞ የሚያየውም ለዚህ ነው። ላይ ያሉት «እኛ ጋ ደህና ነው» ይሉታል። እነሱ ጋማ ደህና ነው።

ሽታ ብቻውን ሲመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ማውረጃ ሥር ሲፎን የምንለው የታጠፈ ቱቦ አለ፤ በውስጡ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ቆሞ የጉድጓዱን አየር ያግዳል። የእንግዳ ክፍሉ ሻወር ለወራት ውሃ ካላየ ያ ውሃ ይደርቅና ሽታው በነፃነት ይገባል። መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ነው። ለዚህ ባለሙያ ጠርተው የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ጆጉን ራሴ ቀድቼ አፍስሼ የመንገዴን ብቻ ተቀብዬ አውቃለሁ።

የተደፈነው የት እንደሆነ መለየት ከጥገናው ይበልጣል። የወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ብቻ ከዘገየና ሌላው ሁሉ እንደወትሮው ከወረደ፣ ችግሩ ከማጠቢያው ሥር ወይም ከቅርቡ ቱቦ አያልፍም፤ ሲፎኑን ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። ሁለትና ሦስት ቦታ በአንድነት ከዘገየ ግን የተያዘው ዋናው መስመር ነው። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጥታችሁ በቤቱና በታንኩ መካከል ያለውን የፍተሻ ጉድጓድ፣ ማንሆል የምንለውን፣ ክፈቱ። ማንሆሉ በውሃ ተሞልቶ ከቆመ፣ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ወደ ታንኩ በኩል ነው። ማንሆሉ ደርቆ ቤት ውስጥ ውሃው ከቆመ፣ ችግሩ ከእሱ ወዲህ በቤቱ በኩል ነው። በዚህች አንዲት ክዳን የግማሽ ቀን ቁፋሮ ይተርፋል። ማንሆሉ ሞልቶ ከተገኘ ቀጥሎ የታንኩ ክዳን ይነሳል። ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመውጫው ቱቦ በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ወይ መውጫው ተደፍኗል ወይ ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ወደ አፈር የሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድ አልቀበልም ብሏል። ውሃው ከፍታውን ጠብቆ ሳለ ማንሆሉ ብቻ ከሞላ ደግሞ፣ በመግቢያው ቱቦ አፍ ላይ ደርቆ የተጋገረ ቆሻሻ አለ፤ በረጅም እንጨት ሲገፋ ይለቃል።

ይህን ሳያዩ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ነቅለው አዲስ የሚገዙ አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አዲሱም መቀመጫ በሳምንቱ ይመልሳል።

የማንሆል ክዳን እያልሁ ስጽፍ የሚስቁ አከራዮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክዳኑ የት እንዳለ አያውቁትምና። ግቢውን ሲያሳምሩ ሴራሚክ አንጥፈውበታል፣ ወይም አንድ ክፍል ጨምረው አልጋ ዘርግተውበታል። ባለፈው ክረምት የተጠራሁበት አንድ ግቢ ታንኩ ያለው ከተከራይ ማድ ቤት ሥር ነበር። ምጣዱ ተነሳ፣ ጉልቻው ተነሳ፣ ወለሉ በመዶሻ ተሰበረ። ከኮንክሪቱ ሥር ክዳኑ ሲገኝ እጀታው በዝገት ተበልቶ አልቆ፣ በጣት ሲነካ ተፈረፈረ። ተከራይዋ ከነልጆቿ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች፤ አከራዩ በስልክ «እዚያው ነበረ፣ ፈልጉት» ይላል። ታንክ ላይ ክፍል አትሥሩ። ከሠራችሁ ደግሞ ክዳኑ ያለበትን ቦታ ግድግዳ ላይ በቀለም ጻፉት፤ የፍሳሽ ማንሻው ቱቦ እዚያ ድረስ መድረስ መቻሉንም አስቀድማችሁ ለኩ። መኪናው በማይገባበት ጠባብ መንደር ብዙ ቤቶች የሚሞሉት ጉድጓዱ ስላነሰ ሳይሆን ማንም ሊደርስበት ስላልቻለ ነው።

ፍሳሹ ቤት ከገባ የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ማቆም ነው። በግቢው ያለ ሁሉ፣ ሕንፃ ከሆነ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ፣ አንድ ባልዲ እንኳ እንዳያፈሱ ይነገራቸው። ውሃው ወደ ሶኬት የተጠጋ ከሆነ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ቆጣሪው ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ ግን ተዉት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይምጣ። የተደፈነው አንድ መቀመጫ ብቻ ከሆነ እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ ይሠራል፤ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በእርጥብ ጨርቅ ካልወተፋችሁ ግን ግፊቱ በዚያ ይወጣና ልፋት ብቻ ይሆናል። ዋናው መስመር ከሆነ ከማንሆሉ በኩል ተጣጣፊ የቱቦ መጥረጊያ ሽቦ ይገባል። ሽቦውን የሚያዞረው ሰው ፊቱን ከቱቦው አፍ ያርቅ፤ የታገደው ውሃ ሲለቅ ማንንም አይምርም።

ፌሮ የሚያስገባውን ሰው ግን ከግቢያችሁ አስወጡት። ፌሮ አይታጠፍም። ክርኑ፣ ማለትም የቱቦው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የፕላስቲክ ቱቦውን፣ ፒቪሲውን፣ ይበሳና ያልፋል፤ ውሃውም «ወረደ» ይባላል። የወረደው ወደ አፈር ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከመሠረታችሁ ሥር እየሰረገ፣ ዋልካውን እያላቆጠ፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ የታችኛው ጎረቤት ጋም ይደርሳል። የፈላ ውሃ መድፋትም እንዲሁ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፒቪሲ ግን 80 አካባቢ መለስለስ ይጀምራል።

ስለ አሲድና በረኪና ጠንከር አድርጌ ልናገር። ሰው ሲጨንቀው ከሱቅ አሲድ ገዝቶ ይደፋል፤ አልወርድ ሲለው በላዩ በረኪና ይጨምራል። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳይነገረኝ እኔ እጄን እሰዳለሁ። ለሚመጣው ባለሙያ ምን እንደደፋችሁበት ንገሩት፤ ዓይኑን ታተርፉለታላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ሰው ወደ ጉድጓድ ማውረድ ነው። በየቀኑ ሥራ ፍለጋ የሚቆሙ ልጆች አሉ፤ ጥቂት ብር ይሰጣቸውና አካፋና ባልዲ ይዘው ይወርዳሉ። በሽንት ቤት ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። በጥቂቱ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ልጁ «አሁንስ ሽታው ጠፋ» ይላል፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ ይወድቃል። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ዝቃጩ በአካፋ ሲነካካ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚዘልለው ወንድሙ ወይም ጓደኛውም እዚያው ይቀራል፤ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ፊት ላይ ጨርቅ ማሰር ምንም አያደርግም። ሻማ አብርቶ አየር አለ የለም ብሎ መሞከር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ እዚያው ውስጥ ሚቴን አለ፣ በእሳት ይፈነዳል። ክዳን ስታነሱ ሲጋራ አይኑር፣ ልጆች አይቅረቡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ሰው ወድቆ ካያችሁ አትግቡ፤ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ይጠራ። የጉድጓድ ማስጠረግ ዋጋ ተወደደ ብሎ የሰው ልጅ ማውረድ ግን ምን ይባላል?

ውሃው ከወረደ በኋላ ቤቱ በውሃ ብቻ ተለቅልቆ «ጸዳ» አይባልም። ጓንትና የላስቲክ ቦት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት፣ ደረቁ ቆሻሻ ይታፈስ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። በረኪና ከዚያ በኋላ ነው፤ በቆሸሸ ወለል ላይ ብቻውን ቢደፋ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። ለወለልና ለግድግዳ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ። የነካውን ዱቄት፣ እህልና አትክልት አትመልሱት። ፍራሽ ከጠጣ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ፍራሽነቱ አብቅቷል።

የመጠጥ ውሃውንም አትርሱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ባዶ ሲሆን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የተሰነጠቀ ቦታ ካለውና በዙሪያው ፍሳሽ ካቋረ፣ የሚስበው ፍሳሹን ነው። አተት በክረምት ከሚጎበኘን አንዱ መንገድ ይህ ነው። ፍሳሽ በግቢያችሁ የተኛበት ሰሞን የቧንቧ ውሃ ይፈላ ወይም በውሃ አጋር ይታከም። የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያ ያላችሁ ደግሞ ውሃውን ደፍታችሁ፣ አጥባችሁ፣ እንደገና ሙሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መከላከሉ ልምጣ። በደሴ ማንሆል ከፍቼ የማየው ከቤት ቤት ብዙ አይለያይም። ከላይ ነጭ ስብ አለ፤ ከሥሩ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ፀጉር፤ በመሃል ሞዴስ፣ የዳይፐር ላስቲክ፣ የሻምፖ ክዳን፣ አንዳንዴም ሙሉ ካልሲ። የመጀመሪያው ጠላታችን ስቡ ነው። በገበያው የሚረጋ ዘይት ብዙ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጄሪካን ውስጥ ሲረጋ ሁላችሁም አይታችሁታል። ትኩስ ሆኖ በማጠቢያው የተደፋው ዘይትም ሁለት ሜትር እንኳ ሳይርቅ በመሬት ውስጥ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ እንዲሁ ይረጋል። ከሳሙናው ጋር ሲያያዝ እንደ ሻማ ይጠነክራል። በላዩ የቡና አተላ ሲያርፍ፣ 110 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ ጣት የማያሳልፍ ይሆናል። ዘይቱን በአሮጌ ጠርሙስ አጠራቅሙ፤ ምጣድና ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ። የቡና አተላ ለአበባችሁ ሥር ይሁን። በደሴ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላል፤ ጀበናው በታጠበ ቁጥር አተላው የት እንደሚሄድ አስቡት።

የበዓል ሰሞንም ሌላ ነው። ለአረፋም፣ ለገናም፣ ለፋሲካም በየግቢው ይታረዳል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ፈርሱ፣ ሞራው፣ የአንጀቱ እጥበት በግቢው ማውረጃ ይለቀቃል፤ ቆዳው በታጠበበት ውሃ ፀጉሩ አብሮ ይወርዳል። ከበዓል ማግስት ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። ፈርሱ ተቆፍሮ ይቀበር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። ማውረጃው ላይ አንድ ወንፊት ብታስቀምጡ የቀረውን ይይዛል።

የፈረቃ ውሃም ቱቦ ይደፍናል ብል ግራ ይገባችሁ ይሆናል። ውሃ ሲጠፋ ሰው በጣሳ በጥቂት በጥቂቱ ያፈስሳል፤ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ጠጣሩ በቱቦው ጋደል ባለ ክፍል ላይ ተኝቶ ይደርቃል። ከዚያ ውሃው ሲመጣ በግቢው ያሉት ተከራዮች ሁሉ በአንድ ጠዋት ያጥባሉ፤ ውሃው የደረቀውን እየጠረገ ወስዶ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይሰካዋል። በባልዲ የምታፈሱ ከሆነ ከ6 ሊትር ያላነሰ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ለሽንት ቤት የልብስ ማጠቢያ ውሃ ይበቃል፤ ንጹሕ ውሃ አያስፈልገውም።

ሌላው የጣሪያ ውሃ ነው፤ እኔ የክረምቱን ጥሪ ብዛት በዋናነት የምጥለው በዚህ ላይ ነው። ብዙ ቤቶች አሸንዳቸውን ያገናኙት ከማንሆሉ ጋር ነው፤ ግቢው እንዳይጨቀይ ተብሎ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 200 ሊትር ይጠቀማል ብንል፣ በአንድ ከሰዓት የወረደው የ15 ቀን ፍጆታ ማለት ነው። 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ ካላችሁ፣ ያ ዝናብ ታንኩን ሙሉ ለሙሉ ያክላል። በዚያ ላይ ውሃው ሲወርድ ከታች የተኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይወስደዋል፤ ዝቃጩ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ዝናቡ ካባራ በኋላም፣ መስከረም ጠብቶም ጉድጓዱ የማይጎድለው ለዚህ ነው። የከተማችን ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ራሱ ያብጥና ይዘጋል። አሸንዳውን ዛሬውኑ ከማንሆሉ ለዩት፤ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ወደ ሮቶ ይሂድ። ሮቶ ውስጥ ከገባ ደግሞ የሽንት ቤት ውሃ አገኛችሁ።

የታንክ ማስጠረጊያ ጊዜ ሲሞላ አይደለም። ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ሥራው እንዲያ ነው። የሚለካው ከሥር ያለው ዝቃጭና ከላይ ያለው ስብ ነው። ረጅም እንጨት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ታች ሰድዳችሁ ስታወጡት ጥቁሩ የት እንደደረሰ ይታያል። ሁለቱ ተደምረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ከያዙ መኪና ይጠራ። ለብዙ ቤት ይህ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ግን ቶሎ ይደርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ልኬቱ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይሁን።

በግቢያችሁ ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ የቱቦ መገጣጠሚያ ፈልጎ ይገባል፤ አንዴ ከገባ በየዓመቱ ይመለሳል። አዲስ ቱቦ ስትዘረጉ ከዛፉ አርቁት፣ መገጣጠሚያውንም በሙጫና በጎማ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ግንበኛ ወንድሞቼ አይቀየሙኝ፤ ከእናንተም ብዙ ይመጣል። ለ110 ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል፤ ውሃ ልክ ይዛችሁ አረጋግጡት፣ በዓይን አትገምቱ። በመታጠፊያ ላይ ድፍን ባለ 90 ዲግሪ ክርን ከመሬት ሥር አትቅበሩ፤ ሁለት 45 ዲግሪ ተጠቀሙ፣ እዚያ ላይም ማንሆል ይኑር። የአየር ማስወጫ ቱቦውን «ለጌጥ ነው» ብላችሁ በጣሪያው ሥር አትቁረጡት፤ አየር ያጣ መስመር የሲፎኑን ውሃ ይመጥጣል። ምድር ቤት ያለው መታጠቢያ ደግሞ ከፎቆቹ ወራጅ ቱቦ ሥር ሳይሆን ለብቻው ማንሆል ላይ ይግጠም። ፍሳሽን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቼክ ቫልቭ የምታስገቡ ከሆነ በዚያ በምድር ቤቱ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ አድርጉት። በዋናው መስመር ላይ ካደረጋችሁት፣ ቫልቩ በተዘጋ ቅጽበት የላይኞቹ ፎቆች ውሃ ወደ ውጭ መውጣት አቅቶት በምድር ቤቱ ሻወር ይወጣል። ቫልቩም በየጊዜው የሚታጠብ ዕቃ ነው፤ አሸዋ ሥር ቀብሮ መርሳት የለም።

የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴዎች፣ አንድ ቃል ለእናንተ። ምድር ቤት ያለው ሰው «የእናንተ ችግር ነው» እየተባለ ብቻውን መኪና ሲጠራ አይቻለሁ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን ነገር ባለቤቶች በማኅበራቸው አማካይነት እንዲያስተዳድሩት ያደርጋል። ሁሉም የሚያወርድበት ቱቦና ሁሉም የሚሞላው ታንክ የጋራ ካልሆነ ምኑ ነው የጋራ? ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ጥቂት ለታንክ ማስጠረጊያ ለብቻ ይቀመጥ። አራተኛ ፎቅ ያለውም ይክፈል፤ እንዲያውም እሱ ነው አፍስሶ የማያየው።

ለአከራዮችም እንዲሁ። ተከራይ ሞዴስ ጥሎ ቢደፍን ተከራይ ይክፈል፤ ታንኩ በዝቃጭ ከሞላ ግን አከራይ ነው ባለቤቱ። ይህ ቤቱ ሲከራይ በውሉ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ። በየክረምቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሰባት ቤተሰብ ቆሞ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ሲባባል የማስታርቀው እኔ ነኝ፤ ይህ ደግሞ የቧንቧ ሥራ አይደለም።

ይህ ደብዳቤ በግልባጭ የሚደርሳችሁ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤት ተሠርቶ ሲፈተሽ አሸንዳው የት እንደተገናኘ ይታይ፤ ከፍሳሽ ጋር ከሆነ ሳይለይ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥ። የፍሳሽ ማንሻ መኪና ዋጋና የሚጠራበት ስልክ በየቀበሌው በግልጽ ይለጠፍ፤ ሰው በጨነቀው ሰዓት በደላላ እየተጠቀመ ነው። የተመጠጠው ፍሳሽ የት እንደሚደፋ ይነገረን፣ መኪናዎቹም በዚያ ቦታ ደረሰኝ ተቀብለው ይመለሱ፤ ካልሆነ ከአንዱ ግቢ አውጥተን ቦርከና ላይ ብንደፋው ለኮምቦልቻ ጎረቤቶቻችን ምን አደረግንላቸው? የጎርፍ መውረጃዎቹም ከሰኔ በፊት ይጠረጉ። አሸንዳችሁን ወደ መውረጃው ምሩ ብለን መውረጃው በፌስታል ተደፍኖ ከተገኘ፣ ነዋሪው በማግስቱ መልሶ ወደ ማንሆሉ ያገናኘዋል። እኔም ብሆን አገናኘዋለሁ።

መልሳችሁን በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብታደርጉልን ይበቃል። ቀኑ ግን ከሰኔ 1 ባይዘል እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር
በደሴ ከተማ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ